ወይዘሮ የብርጓል በአይሮፕላን ጥላ ሥር ቄብን ከአውራ የለየችበት ዜና

በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ ጠላት በደብረ ማርቆስ ከተማ ምሽጉን በድንጋይና በሽቦ ባጠረ በሦስተኛው ዓመት፣ ምርኮኛው የተባለው ነጭ አውራ ዶሮ ነግሦ ነግሦ በሸለምጥማጥ ጥርስ በወደቀበት በዚያው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም እኩሌታው ሲደርስ፣ በቁልቋል አፋፍ የምትኖር፣ ዐቃቢተ ቆጥ፣ መዋዒተ ጭልፊት፣ ከአንድ ጊዜ በቀር ሸለምጥማጥ ያልደፈራት፣ ለባዊትና አስተዋይ ወይዘሮ የብርጓል ያደረገችውን ዐቢይ ሥራ ሰምተን ዝም ብንል ድንጋዮች ይጮኹብናል ብለን ፈርተን፣ ያየነውን ከዓይናችን፣ ያላየነውን ካዩት አፍ ለቅመን፣ እነሆ ጻፍን። አንባቢ ሆይ፣ የዶሮ ነገር ነው ብለህ አትናቅ። በፈረስ የጠፋ አገር ብዙ ሰምተናል፤ በዶሮ የተረፈ ግን ከዚህ በቀር አልሰማንም።

አስቀድመን የምርኮኛውን ነገር እንናገር። ከጠላት አለቆች አንዱ እንቁላል ወዳድ ኖሮ፣ ከባሕር ማዶ ያስመጣቸውን ነጫጭ ዶሮዎች በሽቦ ሣጥን አስጭኖ ከደብረ ማርቆስ ወደ ቁይ ሲያሳልፍ፣ በቅሎዋ ከማጥ ገብታ ተንከባለለች፣ ሣጥኑም ተከፈተ፤ ያን ጊዜ ይህ አውራ ዶሮ ከወገኖቹ ተለይቶ፣ የባቄላውን ማሳ እንደ አባቱ ርስት አቋርጦ፣ ማንም ሳያባርረው በገዛ እግሩ ከወይዘሮ የብርጓል ግቢ ገባ። እርሷም ጥሬ በትና ተቀበለችው፣ ስሙንም ምርኮኛው አለችው። በአናቱ ላይ የበቀለው ቀይ ሥጋ፣ እኛ በዚህ ዜና ዘውድ የምንለው፣ ባገራችን አውራዎች ላይ ከሚታየው እጅግ የሚበልጥ ነበር። እርሱም ከግቢው ባላባት ከቀዩ አውራ ጋር በገለባው ክምር ሥር ከረፋድ እስከ ቀትር ተዋግቶ፣ ሁለቱም ሲደክማቸው ዕርቅ ሆኖ፣ ግዛቱን ተካፈሉ፤ ከዚህም ዕርቅ የተነሣ በግቢው የተፈለፈሉት ጫጩቶች ገሚሱ የቀዩ፣ ገሚሱ የምርኮኛው፣ ገሚሱም የማን እንደሆነ እናቱ ብቻ የምታውቀው ሆነ።

ይህን ነገር አብዝተው የተቃወሙት እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ነበሩ። እኒህ ሴት የወይዘሮ የብርጓል ባል የደምለው እናት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ ጭነው ከልጃቸው ቤት በስተጓሮ ባለች ጎጆ ይኖራሉ፤ ደምለው ጠመንጃውን ይዞ ዱር ከገባ ወዲህ ደግሞ ሁለቱ ሴቶች አንድ ምድጃ እየሞቁ፣ አንድ ወንድ እየጠበቁ፣ ባንድ ቃል ሳይስማሙ ኖሩ። ምራታቸው ውሃ ቀድታ ብትዘገይ የት ዋልሽ ይሏታል፣ ብትፈጥን ውሃው ደፈረሰ ይሏታል። ስለ ምርኮኛው ዘር ግን ነገራቸው አጭር ነበረ፤ ያልተጠመቀ የካቶሊክ ዘር ነው፣ እንቁላሉ ከአፌ አይገባም አሉ። ከዚያ ሁሉ ዶሮ መካከል የሚወዱት አንዲት ብቻ ነበረች፤ መልኳ አመድማ፣ ዘውዷ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ እርሳቸው ዳዊት ሲደግሙ ከእግራቸው ሥር አንገቷን ደፍታ የምትጭር። ስሟንም መነኩሲት አሏት።

ወእምዝ፣ ደብረ ዘይት በዋለበት ሳምንት ክፉ ወሬ መጣ፤ ጠላት ወንዶቻቸው ዱር የገቡባቸውን ቤቶች እያሰሰ ሊያቃጥል ተነሥቷል የሚል። ያገሩ ጠባቂ ግራዝማች እንዳላማውም ሕዝቡን ከአፋፉ በታች ወዳለው ዋሻ ሊያወርዱ ቆርጠው፣ ነጋሪት ቢያጡ ባዶ ጋን እያስመቱ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ።

«ስማ ስማ ተሰማማ፣ የማይሰማ የማርያም ጠላት ነው! አህያ ያለህ ወደ ቆላ ስደድ፤ ውሻ ያለህ ከዘመድህ ዘንድ አኑር፤ በግህን ለማዶ ሰው አደራ ስጥ። ሴት ዶሮ ትግባ፣ አንገቷን ደፍታ የምትኖር ናትና። አውራ ዶሮ ግን ቢያድግም ቢያንስም ዋሻዬን እንዳይረግጥ! እርሱ አንዴ ከጮኸ ሁላችንንም አስፈጀን። የሚጮህ ዶሮ ይዞ የተገኘ ሰው፣ ሴትም ብትሆን፣ ዶሮውን አቅፎ ይውጣ፤ ከዚያ ወዲያ እግዜር ይሁነው!»

በሌላ ወራት ቢሆን ይህ ነገር በቢላዋ ባለቀ፣ ሰዉም አውራ አውራውን በልቶ ጣቱን እየላሰ በወረደ ነበር። ነገር ግን ዐቢይ ጾም ነው፤ በሁዳዴ ዶሮ አርዶ የሚበላ ክርስቲያን በቁልቋል አፋፍ አልተወለደም፣ አርዶ ለአሞራ መጣልም ግፍ ነው። ስለዚህ አውራው በባዶ ቤት እንዲቀር፣ እናት ዶሮዎችና ቄቦች፣ ማለት እንቁላል ገና ያልጀመሩት ልጃገረዶች፣ እንዲወርዱ ተፈረደ። ጎረቤቶቿ ያላቸው ያገር ዶሮ ብቻ ነበርና ሁሉም በአንድ ዓይን አይቶ ለየ። የወይዘሮ የብርጓል ግቢ ግን ጩኸትም እንቁላልም ገና ባልጀመሩት ቅይጥ ወጣቶች ተደናገረ፤ ዘውድ ያለው ሁሉ አውራ አይመስልም፣ የሌለውም ሁሉ ቄብ አይመስልም፤ እግሩ የወፈረው አንገቱ ቀጠነ፣ ጅራቱ የረዘመው ድምፁ የጫጩት ሆነ።

ለወይዘሮ የብርጓል ይህ የጨዋታ ነገር አልነበረም። ቤቷ እንደሚቃጠል አውቃለች። ከቃጠሎ በኋላ ተመልሶ ቤት የሚያቆመው በስልቻ ያለ ዘርና በቅርጫት ያለች ዶሮ መሆኗንም ከእናቷ ተምራለች። ተሳስታ ቄብ ብትተው የጠላት ቁርስ ታደርጋታለች፤ ተሳስታ አውራ ብታስገባ የጎረቤቶቿን ልጆች ሁሉ ታስጨርሳለች። 

ያን ጊዜ አንሙት ተጠራ። አንሙት ማለት በቁይ ገበያ ዶሮ በመለየት ስሙ የወጣ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አናቷን በአውራ ጣቱ ዳስሶ ወንድ ነው ሴት ናት የሚል፣ አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ የማያውቅ ሰው ነው። እኛም የሰውን ሙያ አንነካም፤ ያገር ዶሮ ቢያቀርቡለት ያን ቀንም ባልተሳሳተ ነበር። በበርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዶሮዎቹ አንድ ባንድ ለጥ ብለው እጅ እንደሚነሡ መኳንንት እየቀረቡለት፣ ዘውዱ ጣቱን የሞላውን ሁሉ ወደ ግራ ቅርጫት፣ ጣቱን ያልሞላውን ወደ ቀኝ ቅርጫት አስገባ። ከሁሉም በላይ የደነቀው አንድ ነጭ ነበር፤ ዘውዱ ከመብዛቱ የተነሣ ክብደቱን መሸከም አቅቶት በግራ ዓይኑ ላይ ያዘነበለ፣ ሰውም ስለዚህ ግርማው ፊታውራሪ ብሎ የሚጠራው። አንሙት ይህን ዳስሶ ሲጨርስ ዓይኑን ገለጠና ተነሥቶ አወጀ።

«ስሙኝ ጎረቤቶቼ! ይህ ግቢ ወንድ አብዝቷል፤ ዘመኑ የጦር ነውና አትደነቁ። ነጭ የተባለ ሁሉ አውራ ነው። ፊታውራሪ ደግሞ የአውራዎች አውራ ነው፤ ዛሬ ባይጮህ ነገ ይጮኻል። አመድማዋ ግን ቄብ ናት፣ ለእርሷ እኔ አንሙት ምስክር ነኝ!»

እማሆይም መነኩሲት ከሚድኑት ወገን በመቆጠሯ አማተቡ። የወይዘሮ የብርጓል ልብ ግን አላረፈም፤ ፊታውራሪን ከእንቁላሉ ጀምራ ታውቀዋለችና፣ ሌሎቹ ሲጣሉ ሲሸሽ እንጂ አንድም ቀን ሲጣላ አላየችውም። ይህን ግን ማስረጃ ብላ ልታቀርብ አልደፈረችም። ከጠብ የሚሸሽ አውራ በሰውም ዘንድ ሞልቷል።

ሁለቱ ቅርጫቶች በየወገናቸው ተገልብጠው ዶሮዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ጥሬ ሲለቅሙ፣ ከደብረ ማርቆስ በኩል የአይሮፕላን ድምፅ ተሰማ። የቁልቋል አፋፍ ሰው ሁሉ መሬት ያዘ። ግራዝማች እንዳላማው ከቁልቋሉ አጥር ሥር ገብተው፣ እሾሁን ከምንም ሳይቆጥሩ፣ ለጦር ስልት ተኙ። አንሙት በርጩማውን በራሱ ላይ ደፍቶ ከጎታው ኋላ ተሸሸገ። እማሆይ ዳዊታቸውን አቅፈው ከግድግዳው ተለጠፉ። ወይዘሮ የብርጓል ብቻ ከግቢው መካከል ቆማ ቀረች። ስለ ጀግንነቷ ነው ብለን ልንጽፍ ብዕራችንን አሹለን ነበር፤ እርሷ ግን ኋላ ስትጠየቅ ዶሮዎቹ እንዳይበተኑብኝ ብዬ ነው አለች፣ ዜና ጸሐፊም እውነቱን ሊደብቅ አይገባውም።

አይሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ሲዞር ጥላው በዶሮዎቹ ላይ አለፈ። ያን ጊዜ የብርጓል አየች። ገሚሶቹ ክንፋቸውን ዘርግተው እንደ እርጥብ ጨርቅ መሬት ላይ ተለጥፈው ዝም አሉ፤ ገሚሶቹ ግን አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ቆመው፣ ባንድ ዓይናቸው ሰማዩን እያዩ፣ ከጉሮሯቸው ቅርርር የሚል ድምፅ አወጡ። ይህን ነገር ስታየው ኖራለች። ጭልፊት በመጣ ቁጥር አሮጌው ቀይ አውራ እንዲህ ይቆማል፣ ሚስቶቹ እንዲህ ይተኛሉ። ጣልያን ከሰማይ ሆኖ ዶሮዎቿን እየለየላት እንደሆነ ሲገባት ሳቋ መጣ፤ አልሳቀችም፣ ጊዜ አልነበራትም። ከነጠላዋ ጫፍ ክር እየበጠሰች፣ ጎንበስ እያለች፣ አይሮፕላኑ ዞሮ እስኪመለስ ድረስ በቆሙት ሁሉ እግር ላይ አሰረች። ፊታውራሪ ዘውዱን አፈር ላይ ጥሎ፣ ማለታችን ዘውዷን አፈር ላይ ጥላ፣ ተለጥፋ ተገኘች። መነኩሲት ግን፣ ያ ትሑት፣ ያ ዝምተኛ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆሞ ሰማዩን ሲቆጣ ተገኘ።

አይሮፕላኑም ምንም ሳይጥል ሄደ። ይህ ሚዛን ለዶሮ የተሠራ ነው እንጂ ለሰው አይደለም፤ ለሰው ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን በቁልቋል አፋፍ የተገኘው አውራ አንድ ብቻ፣ እርሱም ሴት በሆነ ነበርና፣ ከግራዝማች ጋር እንዳንጣላ ነገሩን በዚሁ እናልፈዋለን። ሰዉ ተነሥቶ አቧራውን ሲያራግፍ፣ ግራዝማችም እሾሃቸውን ሲያስነቅሉ፣ ወይዘሮ የብርጓል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አወጀች።

«ስሙኝ! አንሙት የለየው ባገር ዶሮ ሕግ ነው፣ አልፈርድበትም። እኔ የለየሁት በጭልፊት ሕግ ነው። አውራ ጥላ ሲያይ ይቆማል፣ ሴት ትተኛለች። ክር ያሰርኩበት ሁሉ አውራ ነውና ይቅር፤ ክር የሌላት ሁሉ ቄብ ናትና ትውረድ። ፊታውራሪም ሴት ናት! ስሟን ግን አልሽርም፣ የተሰጠ ማዕረግ አይነጠቅም!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። እንዲህ ያለ ዘውድ የጫነች ቄብ በአባቶች ዘመን አልታየችም። ግራዝማችም ምክር ካደረጉ በኋላ ፍርዳቸውን አሰሙ።

«ስለሌሎቹ ይሁን ብለናል። ስለዚች ነጭ ግን፣ በአንዲት ዶሮ አናት ላይ የሰው ነፍስ አላንጠለጥልም! ባገራችን ነገር የሚጸናው በዋስ ነው። የሕይወት ዋስ ካለሽ ጥሪ፤ ባለቤት ለገዛ ነገሩ ዋስ አይሆንምና አንቺ አትሆኚም። ብትጮህ ዋሷ ከእርሷ ጋር ይወጣል። ዋስ ካጣሽ ከአውራዎቹ ጋር ትቅር!»

ለሌባ፣ ለባለ ዕዳ፣ ለነፍሰ ገዳይ እንኳ ዋስ የማይነፍግ አገር፣ ለዶሮ ዋስ ሁን ሲሉት ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሁሉም እግር እግሩን አየ። የብርጓል ዙሪያዋን ቃኘች፤ ደምለው በኖረልኝ አለች በልቧ፣ እንባዋም መጣባት። ያን ጊዜ ማንም ካልጠበቀው ወገን ድምፅ ተነሣ። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት፣ መነኩሲት እግሩ ላይ ክር ታስሮ ከሚቀሩት ጋር መቆሙን በዓይናቸው እያዩ፣ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ።

«ዋሷ እኔ ነኝ! ቆቤ ይመስክር! ይህች ነጭ ብትጮህ እኔ አቅፌያት እወጣለሁ!»

ምራታቸውን ግን ቀና ብለው አላዩ።

ከዚያም ሠራዊቱ ወረደ። ከወይዘሮ የብርጓል ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው፤ ጫጩት በማሳደግ የተመሰገነች ጥቁሪት፣ በሰው ጓሮ መግባት የማይሰለቻት ወሰራ፣ አንገተ መላጣዪቱ፣ በወጣትነቷ ከጭልፊት ጥፍር ያመለጠች ገብስማ፣ ከእነርሱም በኋላ የቄቦቹ ጭፍራ፣ ነጩ ከቡናማው ተደባልቆ፣ በመጨረሻም ለብቻዋ በሰፊ ቅርጫት፣ እንደ ታሰረ ባላባት ሁሉም የሚፈራት ፊታውራሪ። ከዕቃ ወገን የዘር እህል በስልቻ፣ ምሳር፣ ሁለት ድስት፣ የእማሆይ ዳዊት። የቀሩት አውራዎች ከቤቱ ክዳን ላይ ወጥተው ሽኝት አደረጉ። እማሆይ አንድ ጊዜ ዞር ብለው መነኩሲትን አዩትና፣ ከእጃቸው ላይ የነበረውን ጥሬ በትነውለት መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በዋሻው ውስጥ ቀኑ አልገፋ አለ። ሕፃናት በሹክሹክታ ተጫወቱ፣ ሴቶች በሹክሹክታ ተጣሉ። ከሰው ሁሉ ይልቅ ዓይን የበዛባት ግን ፊታውራሪ ነበረች፤ ለማዛጋት አፏን በከፈተች ቁጥር የሰው ሁሉ አፍ አብሮ ይከፈታል። በየማለዳው ከአፋፉ ላይ የወጣት አውራዎች ጩኸት ይሰማ ጀመር፤ መጀመሪያ እንደ ጎረነነ ልጅ እየተሰነጠቀ፣ ኋላም እየጠራ። የመነኩሲት ድምፅ ከሁሉም በረታ። ከወረዱት ግን አንዲትም አልጮኸችም። አንሙት ይህን አይቶ ለወይዘሮ የብርጓል በወግ ራሱን ነቀነቀላት፤ ነጯን በተመለከተ ግን ትንሽ እንቆይ ይል ነበር። እማሆይ ከፊታውራሪ ቅርጫት አጠገብ ተኙ፣ አጠገቧ ጸለዩ፣ ቀን ቀን ከጭናቸው ላይ አውለዋት ጥሬ በመዳፋቸው ያበሏት ጀመር። ስለ ካቶሊክ ነገር ማንም አላነሣባቸውም።

በሆሳዕና ሰሞን፣ ረፋዱ ላይ፣ የጠላት ጭፍራ መጣ። ባንዳ እየመራቸው ከዋሻው አናት ካለው ድንጋይ ላይ ቆሙ፤ ጫማቸው የሚያንከባልለው ጠጠር ከዋሻው አፍ ፊት ይወድቅ ነበር። እናቶች የልጆቻቸውን አፍ በመዳፋቸው ከደኑ። በዚያች ሰዓት ፊታውራሪ ከእማሆይ ጭን ላይ ብድግ አለች። አንገቷን ዘረጋች፣ ዘውዷን ነቀነቀች፣ አፏን ከፈተች። አንሙት ዓይኑን ጨፈነ። ወይዘሮ የብርጓልም ተሳስቼ ኖሯል፣ ሰው አስፈጀሁ ብላ አመነች፣ ይህንንም ኋላ በገዛ አፏ ነግራናለች። እማሆይ ግን በሁለት እጃቸው የዶሮዪቱን አፍ ግጥም አድርገው ያዙ። ተንፈራገጠች፤ አልለቀቁም። ቧጠጠቻቸው፤ አልለቀቁም። ያን ጊዜ ከተነሣችበት ከጭናቸው ላይ አንድ ሞቃት ነገር ተሰማቸው፤ ጎንበስ ብለው ቢያዩ እንቁላል ነው።

ዶሮ እንቁላል ስትጥል እንደምታስካካ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ግራዝማችም ያውቃሉ፤ አዋጁን ሲያወጡ ግን አውራውን ሲፈሩ የሴቲቱን ደስታ ረስተውት ነበር። እነሆ አሁን የዋሻው ሰው ሁሉ ነፍስ በአንዲት አሮጊት ጣቶች መካከል ተይዛ ሳለች፣ ከላይ ከአፋፉ መነኩሲት ጮኸ። ሌሎቹም ክር የታሰረባቸው ሁሉ እየተቀባበሉ ጮኹ። ባንዳውም ዶሮ ከጮኸበት ባለቤቱ አይጠፋም ብሎ ጭፍራውን ወደዚያ አዞረ። ከማዶ ሆነው ያዩ እንደ ነገሩን፣ ወታደሮቹ ባዶ ቤት ሲያገኙ በአውራዎቹ ላይ ዘመቱ፤ እስከ ማታ በአጥር ለአጥር ሲያሳድዱ ውለው፣ የሰነፉትን ይዘው፣ ቀልጣፎቹ ወደ ገደሉ በረሩባቸው። በንዴትም ቤቶችን አቃጠሉ። የወገንን ጉዳት መደበቅ አይገባምና እንጽፋለን፤ የወይዘሮ የብርጓል ቤት በዚያ ቀን ተቃጠለ። ሰው ግን አንድም አልጠፋም።

ጭፍራው ከዋሻው አናት ርቆ በአውራዎቹ ጩኸት ሲዋጥ እማሆይ እጃቸውን ለቀቁ፤ ፊታውራሪም ያፈነችውን ሁሉ አስካካችው። ማንም ዝም በይ አላላትም። ግራዝማችም ቆመው፣ እማሆይ ከዋስነታቸው ነጻ መሆናቸውን፣ ወይዘሮ የብርጓልም በዶሮ ነገር ላይ ካሁን ወዲያ ዳኛ መሆኗን ዐወጁ። እማሆይ ግን ነገሩ በዚህ እንዲያልቅ አልፈቀዱም። እጃቸው ተቧጥጦ እየደማ፣ እንቁላሉን ከፍ አድርገው ለሕዝቡ ሁሉ ተናገሩ።

«ስሙ! እኔ ዶሮ አላውቅም፤ ባውቅማ አውራውን መነኩሲት ብዬ ባልጠራሁ። ዋስ የሆንኩት ለዶሮዪቱ አይደለም፣ ለዚች ልጅ ነው። ከቤቴ ከገባች ጀምሮ ስትዋሽ እይዛታለሁ ብዬ ስጠብቃት ኖርኩ፤ እስከ ዛሬ አልያዝኳትም። ደምለው ቢመጣ ይህን እነግረዋለሁ፤ ባይመጣም ልጄ እርሷ ናት!»

በአይሮፕላን ፊት ያልተንበረከከችው ወይዘሮ የብርጓል በዚህ ቃል ፊት መቆም አልሆነላትም። ከመሬት ተቀምጣ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ የተቃጠለው ቤቷ ያላስለቀሳትን ያህል አለቀሰች። በትንሣኤ ዕለትም እማሆይ የፊታውራሪን እንቁላል አማትበው በሉ፤ ጣፋጭ ነው አላሉም፣ ሁለተኛ ግን ጠየቁ።

እንግዲህ ዜናችንን በምስጋና እንጨርስ። ብዙ ጀግና ገድሎ ፎክሯል፤ ይህች ግን ገድላ ሳይሆን ለይታ አዳነች፣ ፉከራም ቢሏት ለዶሮዎቼ ጥሬ ልበትን ብላ ተነሣች። ስብሐት ይድረሳት ለዐቃቢተ ቆጥ፣ ለመዋዒተ ጭልፊት፣ አማቷ የሕይወት ዋስ ለሆኑላት ለየብርጓል! ቆጧ አይራቆት፣ ቅርጫቷ አይጉደል፣ በአመዱ ላይ የምታቆመው ቤት ከቀድሞው ይስፋ፤ እማሆይም ጎጇቸውን በጓሮ ሳይሆን ከእርሷ ደጃፍ አጠገብ ይሥሩ፣ አሜን።